«ካንሰር አይደለም» ከተባለ በኋላ፦ የጡት ቀዶ ሕክምናና ቅርጽ የመመለስ ጉዳይ

ሀዋሳ ውስጥ ጡቷ ላይ ጠጠር ነገር ዳስሳ ወደ ክሊኒክ የሄደች ወጣት ብዙ ጊዜ በአንድ ትንፋሽ የምትሰማው ሁለት ነገር ነው፦ «ካንሰር አይደለም፤ ግን ይውጣ»። በሁለቱ ሐረጎች መካከል መጠየቅ የነበረባቸው ነገሮች ተዘለው ይታለፋሉ። ካንሰር አለመሆኑ በምን ታወቀ? መውጣቱስ የግድ ነው? ከወጣ ቆዳው የት ጋ ይቀደዳል? የሚቀረው ጡትስ ቆማ ስትታይ ምን ይመስላል?

ቋንቋችንም ነገሩን አያቀልለውም። «የሳንባ ነቀርሳ» ሲባል ቲቢ ነው፤ «የጡት ነቀርሳ» ሲባል ካንሰር። ቲቢ ደግሞ ጡት ላይም ይወጣል። ስለዚህ «ነቀርሳ የለብሽም» የተባለች ሴት የትኛው እንደሌለባት ለይታ ላትወጣ ትችላለች።

ካንሰር ባልሆነ የጡት ሕመም ቅርጽ የማስተካከል ሥራ ዋናው ክፍል የሚሠራው ምላጭ ከመነሣቱ በፊት ነው። ናሙናው፣ የቅዱ ቦታ፣ ልኬቱና የቀሪው ጡት አደላደል ቀድመው ከተወሰኑ በኋላ የሚጠገን ነገር ያንሳል። ካልተወሰኑ ግን አንዲት የ20 ዓመት ልጅ አንድ ጉዳት የማያመጣ እብጠት ወጥቶላት ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ጉድጓድና ጠባሳ ይዛ ትሄዳለች።

የማይቀደደው ይበልጣል

በወጣት ሴቶች ጡት ላይ በብዛት የሚገኘው ፋይብሮአዴኖማ ነው። ጠንከር ያለ፣ ድንበሩ የሚለይ፣ ሲዳሰስ እንደ ብይ ከጣት ስር የሚያመልጥ እጢ ነው። በብዛት የሚታየው ከ15 እስከ 35 ዓመት ባለው ዕድሜ ሲሆን፣ የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ወደ ከተማዋ የጎረፉት ወጣት ሴቶችም በአብዛኛው በዚሁ ዕድሜ ላይ ናቸው። ስለዚህ ጥያቄው በከተማዋ ክሊኒኮች ደጋግሞ ቢነሣ አይገርምም።

ምርመራው ሦስት እግር አለው፦ የሐኪም ዳሰሳ፣ ምስልና የመርፌ ናሙና። ምስሉ ከ40 ዓመት በታች ላለች ሴት መጀመሪያ አልትራሳውንድ ነው። የወጣት ጡት ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ በማሞግራፊ (በጡት ራጅ) ላይ ሁሉም ነገር ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ እጢውም ነጭ ነውና ይጠፋል። ናሙናው በሁለት ዓይነት መርፌ ይወሰዳል። ቀጭኑ፣ ከ21 እስከ 23 ቁጥር ያለው፣ የሚያወጣው የተበታተኑ ሴሎችን ብቻ ነው። ወፍራሙ፣ አብዛኛውን ጊዜ 14 ቁጥር፣ እንደ ቀጭን ክር የተቆረጠ ሥጋ ይዞ ይወጣል። ሥጋው እንዴት እንደተደራጀ የሚያሳየው ይኸኛው ስለሆነ ማግኘት በተቻለ ጊዜ ተመራጭ ነው።

ሦስቱም ውጤቶች ተስማምተው ፋይብሮአዴኖማ ነው ካሉና መጠኑ ከ3 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ መተው ይቻላል። መተው ሲባል መርሳት ማለት አይደለም። በ6 ወር፣ በዓመት፣ በ2 ዓመት በአልትራሳውንድ ይለካል። በ6 ወር ውስጥ ስፋቱ ከ20 በመቶ በላይ ካደገ ውሳኔው ይቀየራል፤ 2.5 ሴንቲ ሜትር የነበረው 3 ሲደርስ 20 በመቶ ሞላ ማለት ነው። ይህ ስሌት የሚሠራው ግን የመጀመሪያው ወረቀት ላይ ቁመት፣ ወርድና ጥልቀት በቁጥር ከተጻፉ ብቻ ነው። «ትንሽ እጢ ታይቷል» የሚል ውጤት ለንጽጽር አይረባም፤ እንዲህ ያለ ወረቀት የተሰጣት ሴት ተመልሳ ልኩን ብታስጽፍ መብቷ ነው።

ሦስቱ ምርመራዎች እርስ በርስ ካልተስማሙ፣ እጢው እያደገ ከሆነ፣ ወይም ሴቲቱን እንቅልፍ ከነሣት ይወጣል። የመጨረሻው ምክንያት እንደ ቅብጠት ሲቆጠር ይሰማል፤ አይደለም። ሁለቱን መንገዶች አውቃ «ይውጣልኝ» ያለች ሴት በቂ ምክንያት አላት። ውሃ የቋጠረ ከረጢት ብቻ ከሆነ ግን በመርፌ ተቀድቶ ፈሳሹ ደም ከሌለውና እብጠቱ ሙሉ በሙሉ ከጠፋ ነገሩ እዚያው አለቀ። ከአንድ ጡት፣ ከአንድ ቀዳዳ ብቻ፣ ሳይጨመቅ በራሱ የሚወጣ ደም ያዘለ ፈሳሽ ሌላ ጉዳይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ በወተት ቱቦ ውስጥ የበቀለች፣ ፓፒሎማ የምትባል ትንሽ ኪንታሮት መሰል እጢ ናት። ቱቦዋ በቀጭን ሽቦ መሰል መመርመሪያ ተለይታ ብቻዋን ትወጣለች፤ ሌሎቹ ቱቦዎች ስለሚተርፉ ወደፊት የማጥባት ዕድሉ አይዘጋም።

ትንሽ የሚባለው ቀዶ ሕክምና

አንድ የ3 ሴንቲ ሜትር እጢ በማደንዘዣ መርፌ ብቻ ይወጣል፤ ስህተቱም የሚጀምረው ከማደንዘዣው ነው። 2 በመቶ ሊዶካይን በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም አለው። የደም ሥር የሚያጠብበው አድሬናሊን ካልተቀላቀለበት ጥንቃቄ የተሞላበት ጣሪያው በኪሎ 3 ሚሊ ግራም ነው። ለ50 ኪሎ ሴት 150 ሚሊ ግራም ማለት ነው፤ 7.5 ሚሊ ሊትር ብቻ። ጡት ሰፊ ነውና ይህ አይበቃም፤ ሲያማት ይጨመራል፣ እንደገና ይጨመራል። የከንፈር መደንዘዝ፣ የጆሮ ጩኸት፣ ምላስ ላይ የብረት ጣዕም የመመረዝ መጀመሪያ ምልክቶች ናቸው፤ ከዚያ መንቀጥቀጥ ይመጣል። መፍትሔው ከባድ አይደለም። አድሬናሊን ሲኖርበት ጣሪያው በኪሎ ወደ 7 ሚሊ ግራም ይወጣል። በዚያ ላይ በእኩል መጠን ሳላይን (የጨው ውሃ) ተቀጥኖ 1 በመቶ ሲደረግ፣ ለዚያችው ሴት እስከ 35 ሚሊ ሊትር ድረስ መስጠት ይቻላል። ከዚያ ከ7 እስከ 10 ደቂቃ መጠበቅ ነው። ትዕግሥቱ ደሙንም ይቀንሳል።

የቅዱ ቦታ ሁለተኛው ውሳኔ ነው። እጢው ከጡት ጫፍ ብዙ ካልራቀ፣ ጥቁሩ ክብ ከነጣው ቆዳ ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ ላይ መቅደድ ጠባሳውን ይደብቃል። 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ግማሽ ዙሩ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚሆን ለብዙ እጢ ይበቃል። ከግማሽ ዙር ማለፍ ግን የጫፉን ስሜትና የደም ዝውውር ይጎዳል። ከታች ላለ ትልቅ እጢ ከጡት ስር ያለው እጥፋት ይመረጣል። ከሁሉም የከፋው ቦታ ላይኛው ውስጠኛ ክፍል፣ ወደ ደረት አጥንቱ የቀረበው ነው። በሐበሻ ቀሚስ አንገት በኩል ይታያል፤ ከዚያም በላይ ያ አካባቢ ጠባሳ እያበጠ ኬሎይድ የሚሆንበት ዋና ሥፍራ ነው። ከዚህ በፊት ጆሮዋን ስትበሳ ወይም ስትከተብ ኬሎይድ የወጣባት ሴት ይህን አስቀድማ መናገር አለባት። ሐኪሙም ሳይነገረው መጠየቅ አለበት።

እጢው ከወጣ በኋላ የሚቀረው ጉድጓድ ትንሽ ከሆነ በራሱ ይሞላል። ሰፋ ካለ በዙሪያው ያለው ሥጋ ከቆዳውና ከደረት ጡንቻው ላይ ቀስ ብሎ ተላቆ፣ በሚሟሟ ክር ይቀራረባል። እዚህ ላይ በብዛት የሚታየው ጥፋት ታካሚዋ በተኛችበት አጥብቆ መስፋት ነው። ተኝታ የተስተካከለው ጡት ስትቆም ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ቆዳው ከመዘጋቱ በፊት የአልጋውን ራስ ከፍ አድርጎ ቅርጹን ማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ቆዳው ከውስጥ በኩል 4-0 በሚባል ቀጭን የሚሟሟ ክር ይሰፋል። በወፍራም ሐር ክር ከላይ ተሰፍቶ 10 ቀን የቆየ ቁስል ግን መሰላል የመሰለ ጠባሳ ጥሎ ይቀራል።

ከዚያ ብልቃጡ አለ። የወጣ ሥጋ ሁሉ፣ ምንም ያህል ፋይብሮአዴኖማ ቢመስል፣ ሥጋ በማይክሮስኮፕ ወደሚመረመርበት ፓቶሎጂ ይሄዳል። በ10 በመቶ ፎርማሊን፣ ከሥጋው 10 እጥፍ በሚሆን መጠን ይነከራል፤ ለ3 ሴንቲ ሜትር እጢ 140 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። የመድኃኒት ባዶ ጠርሙስ ውስጥ ተጠቅጥቆ የተላከ እጢ መሃሉ ፎርማሊን ሳይደርሰው ይበላሻል። አንገተ ጠባብ ጠርሙስ ውስጥ የገባ ደግሞ ጠንክሮ አልወጣም ይላል። በሳላይን የተላከ ይበሰብሳል። ብልቃጡን ይዛ ወደ ላቦራቶሪ የምትሮጠው ብዙ ጊዜ ታካሚዋ ወይም እህቷ ናት። ስም፣ ዕድሜ፣ የግራ ወይም የቀኝ፣ ቀኑና ሰዓቱ በብልቃጡ ገላ ላይ መጻፉን ማየት የእነሱም ሥራ ሆኗል። ክዳኑ ላይ የተጻፈ ከክዳኑ ጋር ይቀያየራል።

ትልቁ እጢና የጡቱ መጠን

ከ5 ሴንቲ ሜትር ወይም ከ500 ግራም በላይ የሆነ ፋይብሮአዴኖማ ግዙፍ ይባላል፤ በአፍላ ልጃገረዶች ላይ በወራት ውስጥ አንዱን ጡት የሌላው እጥፍ ሊያደርገው ይችላል። ስፋት ሲጨምር ይዘት እንዴት እንደሚዘል ልብ ማለት ያስፈልጋል። ድቡልቡል የሆነ 4 ሴንቲ ሜትር እጢ 33 ሚሊ ሊትር ነው፤ 8 ሴንቲ ሜትር ሲሆን 268፤ 10 ሲሆን ከ500 ያልፋል። ስፋቱ እጥፍ ሲሆን ይዘቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው።

በካንሰር ቀዶ ሕክምና የሚሠራበት ልማድ አለ፦ የሚወጣው ከጡቱ ይዘት ከ20 በመቶ በታች ከሆነ ዙሪያውን ማቀራረብ ይበቃል፤ ከ20 እስከ 50 በመቶ ከሆነ ጡቱን እንደ አዲስ ማደላደል ይጠይቃል። ይህን ቁጥር እንዳለ ወደ ፋይብሮአዴኖማ መገልበጥ ግን ያሳስታል። ካንሰር የጡቱን ሥጋ በልቶ ቦታውን ይይዛል፤ ፋይብሮአዴኖማ ገፍቶ ነው የሚያድገው። እጢው ሲወጣ ተጨፍልቆ የነበረው ጤነኛ ሥጋ ቀስ በቀስ ይመለሳል። ስለዚህ የ16 ዓመት ልጅ 9 ሴንቲ ሜትር እጢ ሲወጣላት የተለጠጠ ቆዳዋን በዚያው ቀን ቆርጦ መጣል ችኮላ ነው። የወጣት ቆዳ በ6 ወር እስከ 1 ዓመት ይሰበሰባል። በ40ዎቹ ዕድሜ ያለች፣ ሦስት ልጆች ያጠባች ሴት ቆዳ ግን አይሰበሰብም፤ ለእሷ ትርፉን ቆዳ በዚያው ማንሣትና ጫፉን ወደ ላይ ማውጣት ተገቢ ነው።

በዕድሜ ገፋ ያለች ሴት ላይ በፍጥነት ያደገ ትልቅ እጢ ደግሞ ሌላ ጥርጣሬ ያመጣል፤ ፊሎደስ። በዳሰሳም በአልትራሳውንድም ፋይብሮአዴኖማን ይመስላል፤ ቀጭን መርፌም ብዙ ጊዜ አይለየውም። ሦስት ዓይነት ነው፦ ካንሰር ያልሆነው፣ መካከለኛውና ካንሰር የሆነው። እንደ ፋይብሮአዴኖማ ተፈልፍሎ ከወጣና ጥርት ያለ ድንበር ካልተረፈለት እዚያው ቦታ ደግሞ ይበቅላል። ስለዚህ ከተጠረጠረ በወፍራም መርፌ ናሙና ይወሰዳል፤ ሲወጣም ጤነኛ ሥጋ አስከትሎ ነው። ጡቱን የማደላደሉ ሥራ የሚከተለው ፓቶሎጂው ድንበሩ ንጹሕ መሆኑን ሲናገር ነው። መካከለኛ ወይም ካንሰር የሆነ ፊሎደስ ላይ ቅርጹ በዚያው ቀን ከተደላደለ፣ ድንበሩ ንጹሕ አይደለም ሲባል የትኛው ሥጋ የት እንደሄደ አይታወቅም። የብብት እጢ ማንሣት ግን ለፊሎደስ በልማድ አያስፈልግም፤ በዚህ ስም ብብት የሚከፈት ከሆነ ምክንያቱ ይጠየቅ።

ትርፍ ቆዳ የሚነሣበት ወይም ከመጠን በላይ የገዘፈ ጡት የሚቀነስበት ቀዶ ሕክምና የሚጀምረው በማርከር ነው። ታካሚዋ ቆማ ወይም ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ እጆቿን ወደ ታች ለቃ፣ ከሰመመኑ በፊት ይሠመራል። ከአንገቷ ስር ካለው ጉድጓድ እስከ ጡት ጫፏ ይለካል፤ መካከለኛ ቁመት ባላት ሴት ከ19 እስከ 21 ሴንቲ ሜትር የተለመደ ነው። ከዚያ የጡቱ መሃል መስመር፣ ከዚያ ስሩ ያለው እጥፋት። አዲሱ የጫፍ ቦታ የሚመረጠው እጥፋቱ በጡቱ ፊት ላይ በሚያርፍበት ከፍታ ነው። ተኝታ የተሠመረ መስመር ዋጋ የለውም፤ ጡት ሲተኛ ወደ ብብት ይሸሻል፣ ሁሉም ቁጥር ይሳሳታል።

ጫፉ ሲነሣ ከደም ሥሩ ጋር ተያይዞ፣ በሥጋ ድልድይ ላይ እንዳለ ነው የሚዘዋወረው። ድልድዩ ሲረዝም ደሙ ይደክማል። ሲጋራ የምታጨስ ወይም ስኳሯ ያልተስተካከለ ሴት ላይ ጫፉ የመሞት አደጋው ይጨምራል፤ ማጨስ ቢያንስ ከ4 ሳምንት በፊት ይቆማል። በጠቆረ ቆዳ ላይ የጫፉን መዳከም በቀለም መለየት አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ በቀጭን መርፌ ይወጋል። ደማቅ ቀይ ደም ቀስ ብሎ ከመጣ ደህና ነው። ጥቁር ደም ቶሎ ከፈሰሰ ገብቶ የማይወጣ ደም አለና ስፌቱ ወዲያው ይላላል። ጭራሽ ካልደማ ደም አልደረሰም። ነርሷ ይህን ፍተሻ በመጀመሪያው ሌሊት ደጋግማ እንድታደርግ በትእዛዝ ወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበት።

ስለ ሲሊኮን መጠየቅ የተለመደ ነው። ካንሰር ባልሆነ ሕመም ብዙ ጊዜ አያስፈልግም፤ ያለው ሥጋ በትክክል ከተደላደለ ይበቃል። ለቀረ ጉድጓድ ከሆድ ወይም ከጭን በቀጭን ቱቦ የተቀዳ ስብ መሙላት ይቻላል፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ 6 ወር ሳይሞላ ባይሞከር ይመረጣል። ከተሞላው ውስጥ ከሲሶ እስከ ግማሽ ያህሉ ስለሚመጠጥ አንድ ዙር ላይበቃ ይችላል።

መግል የያዘ ጡት

ብዙ ቅርጽ የሚበላሸው በእጢ ሳይሆን በመግል ነው። በምታጠባ እናት ጡቱ ሲቀላ፣ ሲግልና ሲያብጥ ቤት ውስጥ «ምች ነው» ይባላል፤ ትኩስ ነገር ይደረግበታል፣ አልፎ አልፎም ይተኮሳል። መተኮስ መግሉን አያወጣም፤ ቆዳውን ግን ያቃጥላል፤ ከመግሉ የባሰው ጠባሳም የሚመጣው ከዚያ ነው።

መግል ከቋጠረ በኋላ ቆዳው ገና ጤነኛ ከሆነ ወዲያው መቅደድ አያስፈልግም። በአልትራሳውንድ እየታየ በወፍራም መርፌ ይቀዳል፤ በየ2 ወይም 3 ቀኑ እስኪደርቅ ይደገማል፤ ስታፊሎኮከስን የሚገድል እንደ ክሎክሳሲሊን ያለ አንቲባዮቲክም አብሮ ይሰጣል። ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ ቋጠሮ በመርፌ ብቻ የመክሸፍ ዕድሉ ሰፊ ነው። ቆዳው ሳስቶ ካብለጨለጨ ወይም ከጠቆረ ደግሞ ይቀደዳል፤ ክፍልፋዮቹ በጣት ይበጠሳሉ፣ ቁስሉ ክፍቱን ይተዋል። ማጥባት አይቆምም። ወተቱ ሲረጋ መግሉ ይብሳል፤ በዚያ ጡት ሕፃኑን ማስያዝ ካልተቻለ ይታለብ።

የማታጠባ ሴት ላይ የወጣና በ2 ሳምንት አንቲባዮቲክ ያልተሻለው መግል የማስጠንቀቂያ ደወል ነው። ከቋጠሮው ግድግዳ ናሙና ይወሰድ፤ መግሉ ጂን ኤክስፐርት ለሚባለው የቲቢ ምርመራ ይላክ፤ ስኳርና ኤችአይቪ ይታዩ። ቲቢ ከሆነ መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ 6 ወር ነው፤ ቢላ ዋና ሕክምናው አይደለም። ቲቢም ካንሰርም ሳይሆን ግራኑሎማ የሚሠራ የጡት ብግነት ከሆነ፣ ብዙ ወራት ወስዶ በራሱ የሚረግብ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው በየወሩ በየጤና ተቋሙ አዲስ ቅድ ሲጨመርበት ነው፤ አምስት ስፌት፣ ሦስት የሚፈስ ቀዳዳ፣ ወደ ውስጥ የገባ ጫፍ። ብግነት የሚያበርደው ስቴሮይድ ሊያረጋጋው ይችላል፤ ቲቢ እንዳልሆነ ሳይጣራ ስቴሮይድ መስጠት ግን ቲቢውን ይለቅበታል። ቅርጽ ማስተካከል የሚታሰበው ቁስሉ ከደረቀና ወራት ከተቆጠሩ በኋላ ነው።

ወንዶችም

የወንድ ጡት ማበጥ በጉርምስና የተለመደ ነው፤ አብዛኛው በ1 ወይም 2 ዓመት ይጠፋል። በአዋቂ ላይ ሲሆን የሚወስደው መድኃኒት ይጠየቃል፤ ሽንት የሚያበዛው ስፓይሮኖላክተንና የኤችአይቪ መድኃኒቱ ኤፋቪረንዝ የታወቁ ናቸው። በአንድ በኩል ብቻ፣ ከጫፉ ርቆ የጠነከረ ከሆነ መጀመሪያ ካንሰር ይጣራ። ቀዶ ሕክምናው በጥቁሩ ክብ የታች ጠርዝ በኩል ነው። ከጫፉ ስር 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ካልተረፈ ጫፉ እንደ ሳህን ወደ ውስጥ ይሰምጣል።

ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ

በመጀመሪያው ቀን የሚፈራው ደም ነው። ጡቱ በሰዓታት ውስጥ አብጦ ከጠነከረ፣ ሕመሙ ከማስታገሻው በላይ ከሆነ፣ ፋሻው ከራሰ ማታም ቢሆን መመለስ ነው እንጂ ሲነጋ አይባልም። ከሳምንት በኋላ የሚመጣ ለስላሳ እብጠት ብዙ ጊዜ ውሃ ነው፤ ካላስቸገረ ይተዋል፣ ካስቸገረ በመርፌ ይቀዳል። ደገፍ የሚያደርግ ጡት መያዣ ቀንና ሌሊት ለ2 እስከ 4 ሳምንት ይለበሳል። የ20 ሊትር ጀሪካን፣ የከሰል ጆንያ፣ ሕፃን ማዘል ቢያንስ ለ3 ሳምንት ይቀራሉ፤ በኮብልስቶን ላይ የሚያነጥር ባጃጅም ከጀሪካኑ አይሻልም።

በማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ለሚታከሙ መንገዱ ከጤና ጣቢያ ወደ አጠቃላይ ሆስፒታል፣ ከዚያ ወደ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው፤ ደረጃ የዘለለ ሰው ከኪሱ ሊከፍል ይችላል። ለውበት ብቻ የሚደረግ ሕክምናም በመድኑ አይሸፈንም። ስለዚህ የሪፈር ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ቃል ክብደት አለው። የገዘፈ ጡት ትከሻዋን አጎድጉዶ፣ አንገቷን አሳምሞ፣ ስሩ ቆዳው እየቆሰለ ከሆነ እነዚያ ምልክቶች ከነቆይታቸው ይጻፉ። ከይርጋለም ወይም ከዲላ የምትመጣ ታካሚ አልትራሳውንዱን፣ የናሙናውን ውጤትና የቀድሞ ቀዶ ሕክምና ማስታወሻ በአንድ ፖስታ ይዛ ብትመጣ ድጋሚ መርፌ ሊቀርላት ይችላል።

9 ሴንቲ ሜትር እጢ የወጣላት የ16 ዓመቷ ልጅ ደግሞ ከቀዶ ሕክምናው በ6 ወሯና በዓመቷ ትመለሳለች። እንደ መጀመሪያው ቀን ቆማ፣ እጆቿን ለቃ፣ በዚያው ሜትር ሁለቱም ጡቶቿ ይለካሉ። ጡቷ ማደግ እስኪያቆም ድረስ ሌላኛው አይነካም። ያኔ ልዩነቱ በልብስ ስር የማይታይ ሆኖ የሚቀርላቸው ብዙዎች ናቸው፤ የሚታይ ከሆነም ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና የሚሠራው በተረጋጋ ልክ ላይ ነው።